ዳውን ሲንድረም ያለባት እህቴ ብቻዋን ወደ ሥራ እንድትሄድና ቤት እንድትውል ምን መሣሪያ ይርዳት?

የሽምብጧ እህት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለባት። ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ ቡና አፍልታ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ በቅርቡም ጊዮርጊስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ቁልፍ መትከልና የተሰፋውን ማጣጠፍ ጀምራለች። እስካሁን የሚወስዷትም የሚመልሷትም እናታችን ናቸው፤ ነገር ግን እርሳቸው ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፣ እኔም ቢሮ ውዬ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። እህቴ ደግሞ “ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ብቻዬን እመጣለሁ” ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ጥያቄው የመጣው ከእርሷ እንጂ ከእኛ ድካም ብቻ አለመሆኑን እንድታውቁልኝ እወዳለሁ።

የሚያስጨንቀኝ በመጀመሪያ ሰዓቱ ነው። እርሷ የምታውቀው የእኛን አቆጣጠር ስለሆነ ስልኩ 7፡00 ሲል ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን ልናስረዳት ብንሞክርም ይምታታባታል። ከዚያ መንገዱ አለ፤ ባጃጅ ተሳፍራ ያለ ቦታዋ ብትወርድስ? ከሥራ ተመልሳ ምሳዋን ስታሞቅ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ መብራት ድንገት ይጠፋና ምድጃው እንደተከፈተ ትረሳዋለች፣ መብራቱ ሲመለስ ምድጃው ባዶ ቤት ውስጥ ይግላል። ለታይሮይድ በየጠዋቱ የምትወስደው ኪኒንም አለ። አንድ ዘመዳችን ያለችበትን ቦታ የሚያሳይ ፕሮግራም ሳታውቅ ስልኳ ላይ እንድጭን መክሮኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የልዩ ፍላጎት መምህር

ውድ እህቴ፣ ምንም መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ጆሮዋንና ዓይኗን ያስመርምሩላት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የመስማት ችግር አለባቸው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የጆሮ ኩክ መጠራቀም ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መቋጠር ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ሊታከም ይችላል። መነጽር የሚያስፈልጋቸውም ጥቂት አይደሉም። ስልክ ሲደወልላት የማታነሣን ልጅ “አልገባትም” ብለን እናልፋታለን፤ አልሰማችው ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም። ጥሪውን ያልሰማች ወይም በስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል አጥርታ ያላየች ሰው በእጇ የያዘችው መሣሪያ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይረዳትም።

ድጋፍ ሰጪ ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ተሽከርካሪ ወንበርና ነጭ በትር ብቻ ይታየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ግን ኪኒን በቀን በቀን የሚከፋፈልበት ሳጥን፣ አጠቃቀሙ የቀለለ ሞባይል ስልክ፣ ጊዜን ለመከታተል የሚረዱ መሣሪያዎች፣ ቦታ ጠቋሚና የመግባቢያ ካርድ አብረው ተካተዋል። እህትዎ የሚያስፈልጓት እነዚህ ናቸው፤ አብዛኞቹንም በእጅዎ ካለው ስልክና ከገበያ በሚገዙ ርካሽ ነገሮች ማዘጋጀት ይችላሉ።

የሰዓቱ ችግር መፍትሔ አለው። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ የአርጀንቲናዋ ቡዌኖስ አይረስ ደግሞ 3 ሰዓት ትዘገያለች፤ በመካከላችን ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው ማለት ነው፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ስልኩ ከሚያሳየው የሚለየው በዚሁ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ በእህትዎ ስልክ የሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ገብተው “ራሱ ይወስን” የሚለውን ያጥፉና የቡዌኖስ አይረስን ሰዓት ይምረጡ፤ አቆጣጠሩንም በ24 ሳይሆን በ12 ሰዓት ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1፡00፣ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ላይም 9፡00 ይላል፤ ቀኑም የሚለወጠው እንደ እኛ ልማድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ማንቂያ ደወሉም በዚሁ ሰዓት ይሠራል። ከባንክ በሚመጣ መልእክት ውስጥ የተጻፈው ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚቀጥል አይርሱ። ግድግዳው ላይ ባለ ሁለት ዘንግ ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ቢሰቅሉላት ደግሞ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ አትቸገርም።

ለማንቂያው የሚጮኸውን ዜማ ትተው የእርስዎን ድምፅ ይቅረጹ፦ “ኪኒንሽን ዋጪ”፣ “ቦርሳሽን ያዢ፣ በሩን ቆልፊ”። የብዙ ስልኮች የሰዓት ፕሮግራም የተቀረጸን ድምፅ እንደ ደወል እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል። አንዱ ማንቂያ አንድ ሥራ ብቻ ይናገር፤ ሁለትና ሦስት ትእዛዝ ከተደረበበት የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ትሄዳለች። ኪኒኑን በተመለከተ የታይሮይድ መድኃኒት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ስለሚቀንሰው የጠዋቱ ቡና ከኪኒኑ በኋላ መዘግየት አለበት። ቡናውን የምታፈላው እርሷ ስለሆነች ይህንን በሥዕል አድርገው ረከቦቱ አጠገብ ይለጥፉላት፤ በመጀመሪያ ኪኒን፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ ከዚያ ሲኒ።

መንገዱን ማንም መሣሪያ በአንድ ቀን አያስተምራትም። እርሷ ራሷ የመረጠቻቸውን ምልክቶች በስልኳ ፎቶ እንድታነሣ ያድርጉ፤ የምትሳፈርበትን ጥግ፣ ሐይቁ በየትኛው እጇ በኩል እንደሚታይ፣ የምትወርድበትን ሱቅ። በመጀመሪያ አጠገቧ ተቀምጠው ይሂዱ፤ ሲለመዳት “ወራጅ አለ” የምትለው እርሷ ትሁን፤ ቀጥሎ እርስዎ በሌላ ባጃጅ ከኋላ ይከተሉ፤ ከዚያ ስፌት ቤቱ በር ላይ ይጠብቋት፤ በመጨረሻም ስትደርስ ደውላ ታሳውቅዎት። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የእኛ ቀን ቆጠራ ሳይሆን የእርሷ መረጋጋት ነው። በዚህ መሐል መንገዱ ቢዘጋ ወይም ባጃጅ ቢጠፋ ምን እንደምታደርግም አብራችሁ ተለማመዱ፤ በባሕር ዳር ይህ ሩቅ አጋጣሚ አይደለም።

ሐይቅ ዳር ነጋዴ

የመምህሩን ምክር አከብራለሁ፤ ሆኖም ከስልክ በፊት ሰው አለ ባይ ነኝ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ በሌባም ይወሰዳል። በመንገዷ ላይ ያሉትን ባለሱቆች፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪውንና የስፌት ቤቱን ባለቤት አስተዋውቋት። ስሟንና የእናንተን ስልክ ቁጥር የያዘ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ አኑሩ። እኛ ነጋዴዎች በየቀኑ የሚያልፈውን ሰው እናውቃለን፤ አንድ ቀን ከቀረችም እናስተውላለን።

ነጭ በትር

እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ በከተማችን ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ። የነጋዴው ወንድማችን ሐሳብ ቅንነት የተሞላበት ነው፤ ካርዱንም ሆነ ትውውቁን እደግፋለሁ። ነገር ግን ለድጋፍ ተብሎ የሚመደብ ዓይን ሳይታወቅ ወደ ጥበቃ ሲለወጥ በራሴ ላይ አይቻለሁ። በበትሬ መንገድ ስጀምር ሰዎች ሳይጠይቁኝ ክንዴን ይዘው ወደማልፈልግበት ያሻግሩኝ፣ “ማን ላከህ?” እያሉም ይጠይቁኝ ነበር። እህታችንም አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ቤት ከመሄድ ይልቅ ጣና ዳር ተቀምጣ አሳ መብላት ትሻ ይሆናል፤ ደመወዝ የሚከፈላት የ24 ዓመት ሴት ናትና። ባለሱቆቹ “ለምን ዘገየች” ብለው ለቤተሰብ የሚደውሉ ከሆነ ብቻዋን ወጣች ማለት አይቻልም። ሰዎቹን ስታስተዋውቋቸው እርሷ ስትጠይቃቸው ብቻ እንዲረዷት አደራ በሏቸው።

ሳታውቅ ይጫን ስለተባለው ፕሮግራም፣ ልብዎ አለመቀበሉ ትክክል ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ከሌሎች ሰዎች እኩል በነፃነት የመኖርንና የመምረጥን መብት፣ አንቀጽ 22 ደግሞ የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋሉ፤ ስምምነቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውንም ያካትታል። ቦታ ማጋራት በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በጎግል ካርታ ላይ ለ1 ሰዓት ብቻ ማጋራት ይቻላል፤ ባለቤቷም በፈለገች ጊዜ ታጠፋዋለች። ስለዚህ ስልኩን በእጇ አስይዘው ያሳዩዋት፤ “መንገድ ከጠፋሽ ይህንን ስትነኪ የት እንዳለሽ አያለሁ” ይበሏት። እሺ ካለች ትጠቀምበት፤ እንቢ ካለችም መልሷ መልስ ነው። ማንበብ የሚከብዳት ከሆነ ደግሞ የእርስዎንና የእናታችሁን ፎቶ የስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጡላት፤ ፎቶውን ስትነካ ቀጥታ ይደውላል። እኔ ስልኬን የምጠቀመው ቶክባክ በሚባለው አንባቢ ፕሮግራም ነው፤ በነፃ የሚገኘው ኢስፒክ የተባለው ድምፅም አማርኛ ያነባል። ድምፁ ሻካራ ቢሆንም ከለመዱት ይገባል፤ ጽሑፍ ለሚያስቸግራት እህታችሁም አጭር መልእክት ሊያነብላት ይችላል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ደመወዟን በሙሉ በስልኳ አታስቀምጡ፤ የሳምንቱን ብቻ ቴሌብር ላይ ታኑር። ምስጢር ቁጥሯን ደውሎ የሚጠይቅ ሁሉ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ፣ ስልኩን እንድትዘጋበት ደጋግማችሁ ተለማመዱ። እናንተም ተራ በተራ እንደ አጭበርባሪ ሆናችሁ እየደወላችሁ ብትለማመዱ የተሻለ ይያዛታል።

ኤሌክትሪሻን ከፔዳ

ስለ ምድጃው ልመልስ፤ በእኔ ግምት በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣው እርሱ ነው። ገበያ ላይ ያለውን የሶኬት ሰዓት ቆጣሪ ብዙ ሰው ይገዛል፤ በሜካኒክ የሚዞረው ዓይነት ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆምና ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህም ለእናንተ ችግር መፍትሔ አይሆንም። የሚያስፈልጋችሁ ኮንታክተር ነው፤ ይህም ከአረንጓዴና ከቀይ ቁልፍ ጋር የሚገጠም፣ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ኮንታክተር አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑት በማግኔት ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ይለቃል፤ መብራቱ ሲመለስ ሰው ቁልፉን ዳግመኛ ካልተጫነው በቀር በራሱ አይያዝም። እህታችሁ ምድጃውን ረስታ ብትሄድ እንኳ መብራቱ ተመልሶ ቤቱን አያቃጥልም ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ የሚያጠፋ የጊዜ ሪሌ ቢጨመርበት መብራት ሳይጠፋም የተረሳ ምድጃ ይጠፋል። ምሳ ለማሞቅ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ካልበቃት ደግማ ትጫናለች። ማጥፊያው ቀይ፣ ማብሪያው አረንጓዴ ሆኖ በቁመቷ ልክ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይገጠም፤ በእሳት ላይ ተንጠራርታ እንዳትነካው። የእንጀራ ምጣድ እስከ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ በዚህ መስመር ላይ አይሰካ፤ የራሱ መስመር ይኑረው። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ መሬት የሚገባው ሽቦ መኖሩንም በመለኪያ ያሳያችሁ።

የሽምብጧ እህት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰዓቱን ማስተካከያ ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ሆነን አደረግነው፤ ዛሬ ጠዋት ራሷ “1 ሰዓት ከሩብ ሆነ” ብላ እናታችንን ቀሰቀሰቻቸው። ቦታ ስለማጋራት አስረድቻት ለመንገድ ብቻ እሺ ብላለች፤ ስፌት ቤት ስትገባ እንደምታጠፋውም ነግራኛለች። የጆሮ ምርመራውን ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ ከእርሱ በፊት አዲስ ስልክ አልገዛም። ዘመዳችንን አስረድቼዋለሁ፤ ባያምንበትም ውሳኔው የእርሷ መሆኑን ተቀብሏል። ወንድሜ ኤሌክትሪሻኑ፣ የእኛ ምድጃ 2,000 ዋት የሚል ተጽፎበታል፤ ምን ዓይነት ኮንታክተርና ሽቦ ልጠይቅ?

ኤሌክትሪሻን ከፔዳ

2,000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው የማግኔቱ ጠመዝማዛ ሽቦ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ለማሞቂያ ጭነት ቢያንስ 16 አምፔር የሚችል ኮንታክተር ይጠይቁ፤ የመዳብ ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ የመስመሩ ብሬከርም 16 አምፔር ይሁን። ተገጥሞ ሲያልቅ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ምድጃውን አብርታችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉና መልሱት፤ ምድጃው በራሱ ከበራ ገጠማው ትክክል አይደለም፣ ይፈታና ይስተካከል። ይህንን ሙከራ እህታችሁ በእጇ ብታደርገው ጥሩ ነው፤ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ አይታ ታውቀዋለች።