ትምህርት ቤት የሰጠው ክሮምቡክ ሲሰበር፣ ሲቆለፍ፣ ሲመለስ

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ቤት ለልጆች ስለሚሰጠው ክሮምቡክ (የጎግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ) የምታውቁ ብታስረዱን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ሞባይል ቤት ወስዶ ማሠራት ይቻላል? ወጪውስ የማን ነው? ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ወላጅ ለራሱ ጉዳይ ፎርም ቢሞላበት ችግር አለው? ስንቀበል የሚሰጡን ስምምነት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈርሞ ከመመለስ በቀር የገባን ነገር የለም።

የትምህርት ቤት ቴክኒሺያን (ኦሮራ)፦
እህቴ፣ ሞባይል ቤት አይውሰዱት። ክሮምቡኩ የዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ንብረት ነው፤ እርስዎ ዘንድ በአደራ ያለ ዕቃ ነው ማለት ነው። ውጭ ተከፍቶ ከተገኘ የአምራቹ ዋስትና ሊቀር ይችላል፣ ዲስትሪክቱም “ሆን ተብሎ የተነካካ” ብሎ ሙሉ ዋጋውን ሊጠይቅዎ ይችላል። ደግሞ ዕቃው ራሱ ያሳስታል። ለተማሪ ከሚሰጡት ብዙዎቹ 11.6 ኢንች ናቸው፤ ነገር ግን በጣት የሚነካውና የማይነካው ስክሪን አንድ አይደለም፣ የኬብሉ ማገናኛም ባለ 30 ወይም ባለ 40 ፒን ሊሆን ይችላል። ሞባይል ቤቱ መጠኑን ብቻ አይቶ ያዝዛል፣ ሳይገጥም ሲቀር በግድ ይገፋዋል፣ ያኔ ማዘርቦርዱም (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) አብሮ ይበላሻል። እኛ ዘንድ መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ አለ።

ስክሪን የሚሰበረው ወድቆ ብቻ አይደለም። እርሳስ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ኪቦርዱ ላይ ተረስቶ ክዳኑ ሲዘጋበትም ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቦርሳ ውስጥ ከከባድ መጽሐፍ ጋር ተጣብቆ መጨፍለቁ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንድ እጅ የስክሪኑን ጥግ ይዞ ማንሳት ነው። ለልጁ እነዚህን ሦስቱን ይንገሩት።

ስክሪኑ ጠቁሮ የኃይል ምልክት መብራቱ ግን ከበራ፣ ተሰብሯል ከማለትዎ በፊት የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ካልሆነ በስልክ መብራት ስክሪኑን በሰያፍ ያብሩበት፤ ምስሉ በጭላንጭል ከታየ ከኋላ የሚያበራው ክፍል ነው የጠፋው። ይህን ለቴክኒሺያኑ ቢነግሩት ሥራው ይቀልለታል።

ጭራሽ አልነሳ ሲል ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩና 30 ደቂቃ ይተዉት፤ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ ወዲያው ምንም ምልክት አያሳይም። በሁለቱም ጎን የቻርጅ ቀዳዳ ካለው ሌላኛውን ይሞክሩ። ቀጥሎ የክብ ቀስት ምልክት ያለበትን የሪፍሬሽ ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ የኃይል ቁልፉን አንዴ ይንኩ። ይህ ዳውንሎድ ውስጥ ካለው አንዳንድ ፋይል ሊያጠፋ ስለሚችል መጨረሻ ላይ ይሞከር፤ ከሚሰጡን “የሞቱ” ክሮምቡኮች ስንቱ በዚህ ብቻ እንደሚነሳ ብታዩ ትገረማላችሁ።

የስልክ ቻርጀር ይሰካል፣ ነገር ግን “ዝቅተኛ ኃይል ያለው ቻርጀር” የሚል መልእክት ያመጣል፣ ልጁ እየሠራበት ከሆነም ባትሪው እየጎደለ ይሄዳል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት 45 ዋት ነው። ቻርጀሩ ላይ 20 ቮልት እና 2.25 አምፔር የሚል ካለ 45 ዋት ማለት ነው። ገመዱን ካላጣመሙት ቻርጅ የማያደርግ ከሆነ ግን ማጣመሙን ትተው በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ። የላላ ቀዳዳ ውሎ ሲያድር ሾርት ያደርጋል።

ውሃ፣ ሻይ ወይም ጁስ ከፈሰሰበት የኃይል ቁልፉን እስኪጠፋ ተጭነው ይያዙ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ክዳኑን ከፍተው ኪቦርዱን ወደ ታች አድርገው እንደ ድንኳን ያቁሙት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፣ የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ይጎዳዋል። “ደርቆ ይሆን?” ብሎ ማብራት ነው ገዳዩ። ሲያስረክቡም ፈሳሽ እንደነካው በግልጽ ይናገሩ። ልጆች ይፈሩና “እንዲሁ ጠፋ” ይላሉ፣ ቴክኒሺያኑም ሳያውቅ ኃይል ይሰጠዋል፣ በኪቦርድ ብቻ ሊያልቅ የነበረው ማዘርቦርድ ይበላል።

ከሁሉም በላይ በዚያው ዕለት፣ ግፋ ቢል በማግስቱ አሳውቁ፣ የቲኬት (የጥገና ጥያቄ) ቁጥርም ተቀበሉ። ክሮምቡኩን በተቀበላችሁበት ቀን ከጀርባው ያለውን የንብረት ቁጥርና ሰሪያል ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ተለጣፊው ከተላጠ በመግቢያው ገጽ ላይ አልት እና ቪ ቁልፎችን አብራችሁ ስትጫኑ ሰሪያሉ ይወጣል።

ሲያትል 206፦
ሲንቀራፈፍ ወይም ሲቆለፍ ፓወርዋሽ (ውስጡን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ማስጀመር) ማድረግ ይበቃል። እንደ አዲስ ይሆናል፣ የትምህርት ቤቱ ቁጥጥርም አብሮ ይጠፋል።

የትምህርት ቤት ቴክኒሺያን (ኦሮራ)፦
ወንድሜ፣ የመጨረሻው ትክክል አይደለም። ፓወርዋሽ የሚያጠፋው ዳውንሎድ ውስጥ ያለውን ፋይልና የቤቱን የዋይፋይ ፓስወርድ ነው። ክሮምቡኩ ኢንተርኔት ባገኘ ቅጽበት ሰሪያሉ የዲስትሪክቱ መሆኑ ይታወቅና ራሱን መልሶ ያስመዘግባል፤ ቁጥጥሩ ወዴትም አይሄድም። ብዙ ዲስትሪክቶች እንዲያውም ፓወርዋሹን ዘግተውታል። ኤስኬፕ፣ ሪፍሬሽና ኃይልን አንድ ላይ መጫንም እንዲሁ ይቅር፤ እሱ የሪከቨሪን፣ ማለትም ሲስተሙን እንደ አዲስ የመጫኛውን ገጽ ነው የሚያመጣው። ቀርፋፋነት ከሆነ 40 የተከፈቱ ታቦችን ዘግቶ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል። ጎግል ድራይቭ ላይ ያለ ሥራ ግን ከእነዚህ በየትኛውም መንገድ አይጠፋም።

የትምህርት ቤት አስተርጓሚ (ቨርጂኒያ)፦
የቋንቋውን ጉዳይ ላንሳ። ከ1964ቱ (በፈረንጆች) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የተነሣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። አስተርጓሚው በነፃ ነው። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም፣ በተለይ ስለ ጉዳትና ስለ ክፍያ ሲሆን፤ ተከሳሹም አስተርጓሚውም እሱ ሊሆን ነውና። ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ አማርኛን በትርጉም አገልግሎታቸው ውስጥ አካትተዋል። ወደ ቢሮ ሲደውሉ “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ” ይበሉና መስመሩ ላይ ይጠብቁ። “ኢትዮጵያን” ብቻ ካሉ ግን የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ አስተርጓሚ ሊያገናኟችሁ ይችላሉ። የቋንቋውን ስም ጥቀሱ።

ስምምነቱ ላይ ዓይናችሁን የምትጥሉበት ቦታ ሦስት ነው። አንደኛው በአጋጣሚ የደረሰ ጉዳት ነው፤ “አክሲደንታል” የሚል ቃል አለበት፤ ዲስትሪክቱ ለክሮምቡኩ ኢንሹራንስ ካለው የሚሸፈነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሁለተኛው “ኔግሊጀንስ” ነው፣ ቸልተኝነት ማለት ነው፤ ክፍያው በወላጅ ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው መጥፋትና መሰረቅ ነው። ተሰርቆ ከሆነ ብዙ ቦታ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ይጠይቃሉ። ቻርጀር ከኢንሹራንሱ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ለይታችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሱ የመመዝገቢያ ቀን ካለው ከተሰበረ በኋላ መግባት አይቻልም።

መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ቅናሽ ወይም በየወሩ የመክፈል አማራጭ ያለው ዲስትሪክት ብዙ ነው፣ ነገር ግን ሳይጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ጥያቄውን በኢሜይል አድርጉት፣ በአማርኛም ቢሆን። ቅናሹ የሚታየው በነፃ ምሳ ፎርም ከሆነ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ምሳ በነፃ የሚያበላ ከሆነ ፎርም አልተሞላም ማለት ነው፣ ስለዚህ የገቢ ማስረጃችሁ መዝገብ ላይ የለም። አማራጭ የገቢ ፎርም ይስጡን በሉ። ክሮምቡክ ለመቀበል የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አያስፈልግም። በ1982 (በፈረንጆች) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው የፕላይለር ፍርድ መሠረት ትምህርት ቤት ልጁን በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ከትምህርት መከልከል አይችልም።

አሌክሳንድሪያ ዌስት፦
እኛ ሕንፃ ውስጥ የአፓርታማው ነፃ ዋይፋይ ለስልክ ይሠራል፣ ለክሮምቡኩ ግን እምቢ ይላል። ዩቲዩብም ቤት ውስጥ ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ነው?

የትምህርት ቤት ቴክኒሺያን (ኦሮራ)፦
ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የአፓርታማ፣ የሆቴልና የሆስፒታል ዋይፋይ መጀመሪያ “እስማማለሁ” የሚል ገጽ ይከፍታል። የትምህርት ቤቱ ማጣሪያ ያንን ገጽ ሊዘጋው ይችላል፤ ሳይጫኑት ደግሞ መስመሩ አይከፈትም። መለያ ዘዴው ቀላል ነው፤ የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ክሮምቡኩን ከእሱ አገናኙ። ከሠራ ችግሩ የሕንፃው ዋይፋይ ነው፤ ካልሠራ የክሮምቡኩ ወይም የአካውንቱ ነው፣ ቲኬት ይከፈት።

የዩቲዩቡ ግን የእናንተ ኢንተርኔት አይደለም። የ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆች) የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ፣ ሲፓ የሚባለው፣ የኢ-ሬት (ለትምህርት ቤት ኢንተርኔት የሚሰጥ የፌዴራል) ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ማጣሪያ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ማጣሪያው ከልጁ አካውንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቤትም ይከተለዋል። መምህሩ ያዘዘው ቪዲዮ ከተዘጋ ልጁ የተዘጋውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለመምህሩ ይላክ፤ የሚያስከፍተው መምህሩ ነው፣ ወላጅ ቢደውል ብዙም አይፈጥንም።

ስለ ኢንተርኔት ክፍያ፦ በወር 30 ዶላር ይቀንስ የነበረው የፌዴራል ፕሮግራም 2024 ላይ ተዘግቷል፣ አሁንም በእሱ ስም ደውሎ የግል መረጃ የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉበት። ላይፍላይን የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም አለ፣ በወር እስከ 9.25 ዶላር ይቀንሳል። ኮምካስትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ኢንተርኔት ኢሴንሺያልስ የሚባል አለው። ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤቱንና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ሆትስፖት ያውሱ እንደሆነ ጠይቁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለራስ ጉዳይ መጠቀሙስ?

ሲስተም አድሚን (ዳላስ)፦
ይቅርብዎ። ሕግ ያስጥሳል ብዬ ሳይሆን የሚመለከተው ዓይን ስላለ ነው። በልጁ አካውንት የሚከፈት ገጽ ሁሉ በማጣሪያው ይመዘገባል፣ ጎጋርዲያን ወይም ሴኩርሊ የሚባል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያለበት ከሆነ ደግሞ መምህር በትምህርት ሰዓት ስክሪኑን በቀጥታ ማየት ይችላል። የኢሚግሬሽን ፎርም፣ የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ፓስወርድ፣ የሐኪም ውጤት እዚያ ላይ ቦታ የለውም። ዳውንሎድ የሆነ ፋይልም እዚያው ይቀራል፣ ጠዋት ልጁ ይዞት ይሄዳል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ልጁ በቤታችሁ ኮምፒውተር ክሮምን ከፍቶ በትምህርት ቤት አካውንቱ ሲገባና “ፕሮፋይል” ሲፈጥር፣ የዲስትሪክቱ ማጣሪያና መቆጣጠሪያ ከእሱ ጋር ወደ ቤታችሁ ኮምፒውተር ይመጣል። እናንተ በዚያው ፕሮፋይል ከሠራችሁ የእናንተም ታሪክ ይመዘገባል። ምልክቱ “ብራውዘሩ በድርጅትዎ ይተዳደራል” የሚል ጽሑፍ ነው፤ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ከሜኑው ግርጌ ይታያል። መፍትሔው ለልጁ የራሱ ፕሮፋይል፣ ለእናንተ የራሳችሁ፣ ቀለማቸውም የተለያየ ይሁን። ሲጨርስ መስኮቱን ይዝጋ። የምትጠቀሙበትን ፓስወርድ “ሴቭ ላድርግ?” ሲላችሁ በማን ፕሮፋይል ላይ እንዳላችሁ እዩ።

ሴኩርሊም ሆነ ጎጋርዲያን የወላጅ አፕ አላቸው። ዲስትሪክቱ ከከፈተላችሁ ልጁ የጎበኘውን ማየት፣ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱን ማቆም ይቻላል። የሚሠራው ግን በትምህርት ቤት አካውንት ላይ ብቻ ነው፣ የልጁን የግል ስልክ አይነካም።

የኮሎምበስ አባት፦
ከስቴት ወደ ስቴት ለሚዛወርስ?

የትምህርት ቤት አስተርጓሚ (ቨርጂኒያ)፦
ልጁ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ከመውጣቱ በፊት ክሮምቡኩንም ቻርጀሩንም አስረክቡ፣ በእጅ ወይም በኢሜይል ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ከሦስት ወር በኋላ የዕዳ ደብዳቤ ቢመጣ ክርክሩ ከባድ ነው። ሳይመለስ ከቀረ ዲስትሪክቱ ከርቀት ይቆልፈዋል፤ ስክሪኑ ላይ “ተቆልፏል” የሚል መልእክት ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ በዕቃ ገበያ ላይ ርካሽ ክሮምቡክ ስትገዙም ይህን አስቡ፤ ሳይበራ አትክፈሉ።

12ኛ ክፍል ለሚጨርስ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት አካውንቱ ከምረቃ በኋላ ይዘጋል፣ ቀኑ እንደ ዲስትሪክቱ ይለያያል። የኮሌጅ ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹን በሚያዝያና በግንቦት ውስጥ ወደ ግል ጂሜይሉ ያዛውር። ጎግል ለዚሁ “ትራንስፈር” የሚል አገልግሎት አለው፤ ዲስትሪክቱ ከዘጋው ፋይሎቹን ዳውንሎድ አድርጎ ወደ ዩኤስቢ መገልበጥ ነው። ለኮሌጅ ማመልከቻ በትምህርት ቤት ኢሜይል የተመዘገበ ካለ ያንንም አሁኑኑ ይቀይር፤ የቅበላ ደብዳቤ በተዘጋ ኢሜይል አይነበብም።

ሲያትል 206፦
ስለ ፓወርዋሹ ታርሜያለሁ። ሌላ፦ በክሮምቡኩ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

የትምህርት ቤት ቴክኒሺያን (ኦሮራ)፦
ዲስትሪክቱ ካልከለከለ ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ በመፈለጊያው “ኢንፑት” ብለው ይጻፉ፣ ኢንፑት ሜተድ ጨምር የሚለውን ከፍተው አማርኛን ይምረጡ። በላቲን ሲጽፉ ወደ ፊደል ይቀይርልዎታል። ወደ እንግሊዝኛው ለመመለስ ኮንትሮልና ስፔስ ነው። ልጁ “ፓስወርዴ አልሠራም” ካለ፣ ፓስወርድ ከማስቀየራችሁ በፊት ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ እዩ፤ ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ይታያል።