ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ወደ ዊንድሰርፊንግ መመለስ ይቻላል?

የለገሃር ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለገሃር አካባቢ የምኖርና የምሠራ፣ ዕድሜዬ ከሃምሳ አምስት ያለፈ ሰው ነኝ። የቀኝ ዳሌዬ መገጣጠሚያ ለረጅም ጊዜ ሲያሰቃየኝ ቆይቶ ባለፈው ዓመት ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ ተቀይሮልኛል። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ሲሆን፣ በጭኔ አጥንት ውስጥ የገባው ብረት ያለ ሲሚንቶ የሚተከለው ዓይነት ነው። አሁን ክራንቹንም ከዘራውንም ትቻለሁ፤ ከቤቴ እስከ መስቀል አደባባይ፣ አንዳንድ ጊዜም ዳገቱን ጨምሮ እስከ አራት ኪሎ ድረስ ያለ ሕመም በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደረጃ ስወጣም መደገፊያ አልይዝም።

ከወጣትነቴ ጀምሮ ላንጋኖ ላይ ዊንድሰርፊንግ ስጫወት ኖሬአለሁ። ለማያውቀው ሰው ለመግለጽ ያህል፣ ሸራ የተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራውን በሁለት እጅ ይዞ፣ በነፋስ ኃይል ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። ቀዶ ሐኪሜን ስጠይቃቸው ዋናና ብስክሌት እንደሚፈቀድልኝ፣ ሩጫና ዝላይ ግን እንደማይመከር ነገሩኝ፤ ዊንድሰርፊንግን አይተውት ስለማያውቁ ግን «ሚዛን የሚያስት ነገር ከሆነ ቢቀርብዎ ይሻላል» ብለው አለፉት። መልሳቸው ወደ ጥንቃቄ ማዘንበሉን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ስፖርቱን በጅምላ ከመተዌ በፊት፣ በውስጡ ካሉት እንቅስቃሴዎች ለአዲሱ መገጣጠሚያ አደገኛ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። በሙያው ያላችሁ ወይም በዚሁ መንገድ ያለፋችሁ ብትጽፉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ

የተከበሩ ጠያቂ፣ በከተማው መሃል በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ ነኝ። እርስዎን መርምሬ ስላላየሁ፣ የምጽፈው ከሐኪምዎ ጋር ለሚያደርጉት ንግግር መነሻ ይሁንልዎ።

ሰው ሠራሽ ዳሌ ሲወልቅ ከግጭቱ ብርታት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ወሳኙ እግሩ የያዘው አቅጣጫ ነው። ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተቀየረ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ ታጥፎ ጉልበት ወደ ደረት ሲጠጋ፣ በዚያው ላይ ጭኑ ወደ ሌላው እግር ተሻግሮ የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ ሲዞሩ፣ ኳሱ ከተቀመጠበት ጽዋ በኋላ በኩል ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ አይቀመጡ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ቁጢጥ ብለው አይጸዳዱ የተባሉት በዚሁ ምክንያት ነው። አደጋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከፍ ይላል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የተከፈተው ሽፋንና ጡንቻ ድኖ ሲጠነክር ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ስፖርቱን ራሴ ሞክሬው አላውቅም፤ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ግን በቪዲዮ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሰውየው ቆሞ ሲንሸራተት ጉልበቱ ለዘብ ብሎ፣ ዳሌው በጥቂቱ ታጥፎ፣ ክብደቱ ለሁለቱ እግሮች ተከፋፍሎ ይታያል፤ ይህ አቋም ጡንቻው ለጠነከረ ዳሌ የሚከብድ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ከመንሸራተቱ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ሰው ከወደቀ በኋላ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ፣ ሳያስበው አንድ ጉልበቱን ወደ ብብቱ ስቦ ጠርዙ ላይ ያሳርፍና በዚያው ጉልበት ላይ ሰውነቱን ያዞራል። ያ ጉልበት በተቀየረው ዳሌ በኩል ያለው ከሆነ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሦስቱም አቅጣጫዎች በአንድ ቅጽበት ተገናኙ ማለት ነው። ስለዚህ በሆድዎ ተኝተው፣ በእግርዎ ውሃውን እየመቱ ሰሌዳው ላይ ይንሸራተቱ፤ ከዚያም ጤነኛውን የግራ ጉልበት ቀድመው ያስገቡ። በነገራችን ላይ፣ ስግደት ገና ያልተፈቀደለት ሰው ሰሌዳ ላይ ተንበርክኮ ለመነሳትም ጊዜው አልደረሰም፤ ዳሌው የሚታጠፍበት መጠን ተቀራራቢ ነውና። ሐኪምዎን «ዊንድሰርፊንግ ይፈቀድልኛል?» ከማለት ይልቅ «መስገድ ይፈቀድልኛል? በምን ያህል ጥልቀት?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ የሚያገኙ ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን የዳሌዎን የጎን ጡንቻ ይፈትኑ። መስተዋት ፊት በቀኝ እግርዎ ብቻ ለ30 ሰከንድ ይቁሙ፤ በግራ በኩል ያለው የቀበቶዎ መስመር ወደ ታች ከወረደ ወይም ሰውነትዎ ወደ ቀኝ ካጋደለ፣ ጡንቻው ለሚወዛወዝ ሰሌዳ አልደረሰም። ጠዋት ጠዋት ስፖርተኞች የሚሮጡበት የመስቀል አደባባይ ደረጃ ቅርብዎ ስለሆነ፣ ሳይሮጡ በጎንዎ እየረገጡ ቀስ ብለው ይውጡ፣ ይውረዱም። በጎን መውጣት ፊት ለፊት ከመውጣት ይልቅ ያንን ጡንቻ በቀጥታ ያሠራዋል፤ ብዙ ታካሚዎች ቸል የሚሉትም እሱኑ ነው።

ሸራ ወዳዱ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። እኔም የግራ ዳሌዬ ተቀይሮ ወደ ውሃው የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ የእህታችን ጽሑፍ ሐኪሜ ካስረዱኝ ጋር የሚስማማ ስለሆነ፣ እኔ የዕቃውንና የሐይቁን ነገር ልጨምርበት።

የቀድሞ ሰሌዳዎ ፈጣንና ጠባብ ከሆነ ለጊዜው ይርሱት። ክብደትዎ 75 ኪሎ ቢሆን ከ160 ሊትር የማያንስ፣ ሰፊና መሃሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ክንፍ ያለው የጀማሪ ሰሌዳ ይያዙ፤ እንዲህ ያለው ሲቆሙበትም ሲዞሩበትም አይንገዳገድም። ሸራው ከ4 እስከ 4.5 ካሬ ሜትር ቢሆን ይበቃዎታል። ትንሽ ሸራ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ከውሃ ሲያነሱት ይታያል። ትልቅ ሸራ በላዩ ላይ የተኛውን ውሃ ተሸክሞ ስለሚመጣ ሰውን ቁጢጥ አድርጎ ያስጎነብሰዋል፤ ትንሹን ግን ጀርባን ቀጥ፣ ክንድን ዘርጋ አድርገው በገመዱ ወደ ኋላ ቢያዘነብሉና ውሃው እስኪንጠባጠብ ቢታገሡ፣ ዳሌዎን ሳያጥፉ በሰውነትዎ ክብደት ብቻ ይነሳልዎታል።

የእግር ማስገቢያ ማሰሪያዎቹን በመፍቻ ፈትተው ቤት ይተዉአቸው። ነፋስ በድንገት ሲበረታ ሸራው ሰውን ወደ ፊት አሽቀንጥሮ ይጥላል፤ በዚያን ጊዜ አንድ እግር ማሰሪያው ውስጥ ከቀረ፣ ሰውነት ሲሄድ ጭን ይጠመዘዛል። ለጤነኛ ሰው ይህ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳት ነው፤ ለእኛ ግን መውለቅ ወይም በብረቱ ዙሪያ የአጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ሲበረታብዎ የኋላ እጅዎን ከቡሙ (ሸራው ከሚያዝበት አግድም ዘንግ) ይልቀቁ፤ ሸራው ወዲያውኑ ነፋሱን ያፈሰዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሸራውን በገመድ ከማንሳት ይልቅ ከዳር ቆሞ መነሳት ነው። እዚህ ላይ የውሃው ጥልቀት ወሳኝ ነው። ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነ ሰሌዳው ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ እግርን አብዝቶ ማንሳት ይጠይቃል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ በስተኋላ ያለው ክንፍ አሸዋውን ይነካና ሰሌዳው ቀጥ ይላል። ስለዚህ አጠር ያለ የኋላ ክንፍ አድርገው ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይቁሙ። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው የኋላው እግር እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለእርስዎ ግራው መቅደም ስላለበት፣ ግራው የኋላ እግር በሚሆንበት አቅጣጫ ብቻ ይነሱ። ነፋሱ ለዚያ አቅጣጫ የማይመች ከሆነ ሌላ የባሕር ዳር ይፈልጉ።

ስለዚህም ነው ምንም እንኳ ለአዲስ አበባ ቅርብ ቢሆን ባቦጋያን የማልመክርዎ፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ስለሆነ ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃል። ላንጋኖ አሸዋማ በሆነው ዳር ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ግን የሚረግጡት አይታይዎትም፤ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ መጠምዘዝ ከሰሌዳ ከመውደቅ ይልቅ ያስፈራኛል፤ ጫማ ያድርጉ፣ መጀመሪያም ያለ ሰሌዳ እየተራመዱ መሬቱን ይለዩት። ነፋሱ ከቀትር በኋላ እንደሚበረታ እኔ ለእርስዎ አልነግርም፤ ረፋዱ ላይ ለስላሳ ሳለ ይግቡና ሌሎቹ ሲገቡ ይውጡ። ሰሌዳውንም ሌላ ሰው ይሸከምልዎ። በአንድ ጎን ታቅፎ አሸዋ ላይ መሄድ ለዳሌ ጥሩ ሸክም አይደለም፤ ለኩራትም ቦታ የለውም።

ጥንቁቁ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ሌላውን ወገን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ከሰው ሠራሽ ዳሌዎች 58 ከመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ተገምቷል። ጠያቂው በዕድሜያቸው ገና ስለሆኑ ሁለተኛ ቅየራ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የከበደ፣ ወጪውም የበዛ ነው። በዚያ ላይ ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳሌው እዚያ ቢወልቅ በማደንዘዣ ወይም በማስተኛ መድኃኒት ተረድቶ በባለሙያ መመለስ አለበት። ድንገተኛ ከባድ ሕመም ተሰምቶ፣ እግሩ አጥሮና ወደ ውስጥ ዞሮ ከታየ፣ አብሯቸው ያለው ሰው ጎትቶ ለማስገባት እንዳይሞክር አደራ። እግሩን በነበረበት ደግፎ፣ ሳይነካካ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ብቻቸውን እንዳይሄዱ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያም እንዳያወልቁ።

የለገሃር ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጥንቁቁን ሐሳብ አቃልዬ አላየሁትም፤ አብሮኝ የሚሄደው ወንድሜ እንዲያነበው ልኬለታለሁ። ስለ ስግደት የተባለውን ይዤ ለቀጣዩ ቀጠሮ እሄዳለሁ፤ በዚህ መንገድ ቢጠየቁ ሐኪሜም የሚመልሱት ነገር ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ቀድሞ ሸራውን የምይዘው ሃርነስ (መንጠቆ ያለው መታጠቂያ) ታጥቄ፣ መንጠቆውን ቡሙ ላይ ካለው ገመድ ጋር አያይዤ ነበር። ክንዴ እንዳይደክም አሁንም ብታጠቀው ምን ትላላችሁ? ከሆነስ በወገብ የሚታሰረው ይሻላል ወይስ እንደ ሱሪ በጭን መሃል የሚያልፈው?

ሸራ ወዳዱ

እኔ ለጊዜው ሁለቱንም ትቻለሁ፤ መንጠቆው ሳይላቀቅ ከሸራው ጋር መወርወር እግር ማሰሪያ ውስጥ ከመቅረት ብዙም አይለይም። ክንድዎ ሲደክም፣ ለዕለቱ በቃዎት ማለት ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ድካም ሲመጣ የዳሌ የጎን ጡንቻም ስለሚሰንፍ፣ ክንድ ቀድሞ ቢደክም እንደ ማስጠንቀቂያ ይጠቅምዎታል። ወደ ፊት ሐኪምዎ ፈቅደውልዎ ሃርነስ የሚታጠቁ ከሆነ፣ በጭን መሃል የሚያልፈው ዓይነት የሸራውን ጉተታ ከወገብ ዝቅ አድርጎ ወደ ዳሌ ያወርደዋል፤ ማሰሪያው የቀዶ ሕክምናውን ጠባሳ የሚፈትግ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ ታጥቀው ቁጭ ብድግ በማለት ይሞክሩት። በመኪና ሲሄዱ መቀመጫውን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ያዘንብሉት፣ ሞጆና ባቱ ላይም ወርደው ይራመዱ፤ ለሰዓታት ታጥፎ የቆየ ዳሌ ወዲያው ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ በደረሱበት ቀን ውሃው ውስጥ በእግርዎ ከመራመድ በቀር ሌላ ባይሞክሩ ጥሩ ነው።