ጥቆማ፦ ሁለት የክረምት ወር፣ 15 ሺህ ብር፤ መንጃ ፈቃድ፣ ፒችትሪ ወይስ ኮዲንግ?

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢ ሐምሌ ላይ ይዘጋል፣ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ነኝ። በእጄ ያለው 15 ሺህ ብር ነው። ከመንጃ ፈቃድ፣ ከፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር) እና ከኮዲንግ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻል ይሆን? የትኛውን ቦታ ትጠቁሙኛላችሁ? ቤታችን መኪና የለም።

ሒሳብ ሹም፦ አካውንቲንግ ከሆንሽ ፒችትሪ ያዢ። ግን ከመክፈልሽ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉትን የግብር ሠንጠረዥ እዪ። በ2017 ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ደርሷል። አሁንም 600 ብር ብሎ የሚጀምር አስተማሪ ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ። አሠራሩ ይኸው፦ ደመወዙ 9,000 ከሆነ በሠንጠረዡ መሠረት በ25 በመቶ ይባዛና 850 ይቀነሳል፣ ግብሩ 1,400 ብር ነው። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 630 ብር። እጅ የሚገባው 6,970። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 990 ብር ይጨምራል። መጀመሪያ ይህን በኤክሴል ራስሽ ሥሪው፤ ያለዚያ ፒችትሪ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚሆንብሽ።

ሌላው፣ ፒችትሪ ላይ የአንድ ድርጅት መዝገብ (ካምፓኒ) ከዜሮ የማያስከፍት ኮርስ ዋጋ የለውም። ካሽ (ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ መመዝገብ) ወይስ አክሩዋል (ሽያጩ ወይም ወጪው ሲፈጸም መመዝገብ) የሚለው ምርጫ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አይቀየርም። ፔሪየዱም (የሒሳብ ዘመኑ) እንዲሁ ያሳስታል፤ ፒችትሪ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅት በፈረንጅ ጁላይ 8 ነው የሚጀምረው። ዝም ብለሽ ከጁላይ 1 ካስጀመርሽው ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለው ሽያጭ ወደ አዲሱ ዓመት ይገባል። ቢሮ ውስጥ ሲያለቃቅስ የሚያመሸው ሁሉ በዚህ ነው።

ሜክሲኮ፦ እኔ ከአንድ ቦታ ውጪ አልጠቁምም። ሜክሲኮ ፎቁ ላይ ያለው ማሰልጠኛ። አስተማሪው እስኪገባሽ አይለቅሽም። ወንድሞቼም እዚያው ነው የተማሩት።

ሒሳብ ሹም፦ ሠንጠረዡ የትኛው ነው? ካምፓኒ ያስከፍታሉ?

ሜክሲኮ፦ ሠንጠረዡን አላውቅም። ግን ጎበዝ ናቸው አልኩ እኮ።

ፍሬን ያዥ፦ መንጃ ፈቃድ ለምትሉ፦ የከፈልኩበት ማሰልጠኛ (ስሙን አልጠራም) አንድ ሰዓት ብሎ የመዘገበልኝን በአንድ መኪና ለአራት ሰው ነው ያካፈለው። መሪ የያዝኩት 15 ደቂቃ ነው፤ ቀሪውን 45 ደቂቃ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። ሲዘንብ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ሆነ ተብሎ ቀጠሮው ይሰረዛል፣ ሰዓቱ ግን እንደተሰጠ ይቆጠራል።

አያት 49፦ ልክ ነው! እኔም እንደዚሁ።

ጎተራ፦ የፈረምሽውን ሳታነቢ ከፍለሽ አሁን መጮህ ምን ይባላል? ውሉ ላይ ተጽፏል።

ፍሬን ያዥ፦ ውል የሚባል አልሰጡኝም፣ ደረሰኝ ብቻ። አንቺ በሰላም ተምረሽ ይሆናል፤ ሌላው ሰው ግን ገንዘቡ ሲበላ ዝም ይበል?

አሰልጣኝ ነኝ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ጠያቂዋ እንድትጠቀም ልንገራት። ስትመዘገቢ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበዪ፦ በአንድ መኪና ስንት ሰልጣኝ እንደሚገባ፣ በዝናብ የተሰረዘው ሰዓት መተካቱን፣ ፈተና ብትወድቂ ለመድገም ስንት እንደሚያስከፍሉ። እድሜሽ 18 መሙላቱንም አረጋግጪ።

ክረምት ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ዳገት ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቢ፣ ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል) ቀስ እያልሽ ልቀቂ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና ሲል እግርሽን እዚያው አቁሚ። ነዳጅ ስጪ፤ የእጅ ፍሬኑን የምትለቂው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬኑን ቀድሞ የለቀቀ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ደንግጦ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ሲለቅ ሞተሩ ጥፍት ይላል። ደግሞ ጭቃ የያዘ ወፍራም ሶል ፔዳል ላይ ያንሸራትታል። ስስ ሶል ያለው ጫማ በፌስታል ይዘሽ ሂጂና መኪናው ጋ ስትደርሺ ቀይሪ።

ጎተራ፦ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም። ለምን ትደክማለች?

አሰልጣኝ ነኝ፦ መንገድ ላይ ያለው የድሮው መኪና ነገ ይጠፋል እንዴ? ማርሽ የለመደ ኤሌክትሪኩን በአንድ ቀን ይለምደዋል። ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም።

እናት ከጉለሌ፦ ይቅርታ፣ የ9ኛ ክፍል ልጄን ክረምት የት ላስገባው? ሂሳብ ላይ ደካማ ነው።

ቁጥር፦ እናቴ፣ የ10ኛን ትምህርት አስቀድሞ ማስጀመር አይጠቅመውም። የ8ኛና የ9ኛ መጽሐፉን አውጥተው ክፍልፋይና እኩልታ ላይ ያተኩሩ። በቀን 10 ጥያቄ፤ የሳተውን በማግስቱ መልሶ ይሥራ። ከአምስት በላይ ልጅ በአንድ ላይ የሚያስጠና ሰው አይያዙ።

እናት ከጉለሌ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።

ኮደር፦ ኮዲንግ ላይ ብር አታውጪ። 5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች የሚባለው የኦንላይን ሥልጠና ነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው። ላንቺ ዳታ ሳይንሱ ነው የሚሻለው። የምታቋርጪው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ሰዓት ካልቆረጥሽለት አይገፋም። ጠዋት ለፒችትሪው፣ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ለኮዱ ካልሽ አይጋጭም።

ሜክሲኮ፦ ሜክሲኮ ያለው ኮዲንግም ጀምሯል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሰልጣኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ብይዝ በሁለት ወር ይደርሳል?

አሰልጣኝ ነኝ፦ ዝናቡ ቀጠሮ ካላሰረዘ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ከረቡዕና ከሐሙስ ጠዋት አንዱን ጨምሪበት፤ ሜዳው ሰው የማይበዛበት ያኔ ነው።