ሌዲ ቢ ጉድ፦ የሬዲዮ አቅጣጫ ተነግሯት እንዴት በረሃ ገባች?

ሰማይ ዘብ፦
እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943 ከሊቢያው ሶሉክ ተነስታ የጣሊያኗን ኔፕልስ ልትደበድብ የሄደችው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቢ-24 ሌዲ ቢ ጉድ ስትመለስ ማረፊያዋን አልፋ በረሃ ቀርታለች፤ 9ኙም ሠራተኞቿ አልቀዋል። ሬዲዮዋ ደህና ነበር። ቤንጋዚ አጠገብ ቤኒና ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ አቅጣጫ ጠይቃም 330 ዲግሪ ተብላለች። ታዲያ እንዴት ጠፋች?

ቀለበት፦
መስመሩ ተነገራት እንጂ ወገኑ አልተለየም። ጣቢያው የአውሮፕላኑ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የሚለካው ቀለበት ቅርጽ ባለው አንቴና ነው፤ ይህ አንቴና ሲዞር ድምፁ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ በመካከላቸው ልክ 180 ዲግሪ አለ። 330 ማለት ከጣቢያው ሰሜን ምዕራብ፣ ባሕር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ተቃራኒው 150 ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሰሃራ። ለሚያዳምጠው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ካርታ ላይ ለኩት፦ ስብርባሪዋ ያለው ከቤኒና 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እዚያው 150 መስመር ላይ ነው።

ሰማይ ዘብ፦
ወገኑን መለየት አይቻልም ነበር?

ቀለበት፦
ይቻላል። ከቀለበቱ ጋር ቀጥ ያለ አንቴና ሲጣመር ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ይጠፋል። እሱ ከሌለ አውሮፕላኑ መስመሩን አቋርጦ ወደ 60 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ ይብረር፤ ከዚያ እንደገና ይለካ። ባሕር ላይ ከሆነ ንባቡ ከ330 ወደ ላይ ይወጣል፤ በረሃ ላይ ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል። 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ 3 ደቂቃ ብቻ 9 ዲግሪ ያህል ለውጥ ያሳያል። ርቀቱ ሲበዛ ለውጡ ስለሚያንስ ረዘም አድርጎ መብረር ያስፈልጋል። ሁለተኛ ጣቢያ ካለ ደግሞ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ይበቃል።

አሸዋ፦
ሌሊቱንም አትርሱት። መብራት የሌለው በረሃ በጨለማ ከላይ ሲታይ ከባሕር አይለይም፤ ለሠራተኞቹ ደግሞ የመጀመሪያ ግዳጃቸው ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነዳጅ ሲያልቅ በፓራሹት ዘለሉ። የአንዱ ፓራሹት በደንብ ሳይከፈት ቀረ። ስምንቱ የባሕሩ ዳርቻ ቅርብ መስሏቸው ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጓዙ። የፓራሹት ጨርቅ ቀደው፣ በድንጋይ አስይዘው፣ አሸዋው ላይ የቀስት ምልክት እየሠሩ ነበር። ውሃቸው ለስምንት ሰው ግማሽ ኮዳ፣ በቀን አንድ ክዳን ነበር። አምስቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወደቁ፤ ሦስቱ ርዳታ ፍለጋ ቀጠሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አውሮፕላኗ ናት። ከዘለሉበት ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሆዷ አርፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሰዎች ሲደርሱባት ውሃና ምግብ ውስጧ ነበር፤ ሬዲዮዋም ይሠራ ነበር።