ነጭ ምላስ ሰውነት ውስጥ ካንዲዳ መብዛቱን ያሳያል? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ጧት መስተዋት ፊት ምላስን አውጥቶ አይቶ "ሰውነቴ ውስጥ ካንዲዳ በዝቷል" ማለት ይቻላል? ካንዲዳ ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው። አንዳንዶች ምላስ የአንጀት መስተዋት ነው ይላሉ። ሌሎች ነጭ ምላስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም ይላሉ። በጨዋ ደንብ እንከራከር።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ለወራት ድካም ድካም ሲለኝ ነበር። ሆዴ ይነፋል፣ ራሴን ይከብደኛል፣ ጧት ምላሴ በነጭ ነገር ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ "ውጥረት ነው" ተባልኩ። አፍሽን ክፈቺ እንኳ ያለኝ የለም። ከዚያ ኦንላይን ያነበብኩትን የምራቅ ሙከራ ሠራሁ። ምንም ሳልቀምስ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተፋሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ምራቄ እንደ ክር ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ካንዲዳ ነው ይላል። ስኳር አቆምኩ፣ በሁለት ሳምንት ቀለል አለኝ። ሐሳብሽ የፈጠረው ነው እንዳትሉኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ስለተሻለሽ ደስ ብሎኛል። የብርጭቆው ሙከራ ግን ካንዲዳን አይለካም። ምራቅ ውስጥ ሙሲን የሚባል የሚዝለገለግ ነገር አለ። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጧት ይወፍራል። አረፋ የያዘው ይንሳፈፋል፣ ወፍራሙ ክር እየሆነ ይወርዳል። የማንም ሰው ምራቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

እኛ ፈንገስ ስንፈልግ ከምላሱ ፍቀን ስላይድ ላይ እናደርጋለን። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እናደርግበታለን። ኬሚካሉ የሰውን ሕዋስ ያሟሟል፣ ፈንገሱ ይተርፋል። ያኔ በማይክሮስኮፕ ክብ ክብ እርሾዎች ይታያሉ፣ አንዳንዴ ረዘም ያሉ ክሮችም። እኔ በይበልጥ የምፈልገው ክሮቹን ነው። ካንዲዳ እኮ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ይኖራል። በካልቸር፣ ማለትም ናሙናው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ሲደረግ፣ ስላደገ ብቻ በሽታ ሆኗል አይባልም።

የሥነ ምግብ አማካሪ፦ ማይክሮስኮፕ ይከበር። ግን ሰው ተመርምሮ "ምንም የለህም" ተብሎ እየታመመ ሲመለስ አያለሁ። አንቲባዮቲክ በወሰደ ማግስት ምላሱ የሚነጣ ሰውም አለ። እሱን ምን ልትሉት ነው?

የጥርስ ሐኪም፦ ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚያጣላን እሱ ነው። የምላስ ገጽ ፀጉር በሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ነው። በመካከላቸው የሞተ ሕዋስ፣ ባክቴሪያና የምግብ ፍርፋሪ ይጠራቀማል። ውሃ ያነሰው፣ በአፉ ሲተነፍስ ያደረ፣ ትኩሳት ያለበት፣ የሚያጨስ ሰው ምላሱ ይነጣል። ይሄኛው ስስ ነው፤ ሲፋቅ ከሥሩ ጤነኛ ሮዝ ይወጣል።

የካንዲዳው እንደ ረጋ ወተት ቁርጥራጭ ነው። ምላስ ላይ ብቻ አይቀመጥም፣ ጉንጭ ውስጥና ላንቃ ላይም ይለጠፋል። በንጹሕ ጎዝ ሲጠረግ ይነሳል፣ ሥሩ ቀልቶ ይቀራል፣ አንዳንዴም ይደማል። ጭራሽ የማይነሳ ነጭ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሉኮፕላኪያ ከሆነ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ አለና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መታየት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ካንዲዳ ነጭ ሳይሆንም ይመጣል። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ቀልቶና ልሙጥ ሆኖ የሚያቃጥል ምላስ አለ። መስተዋት ፊት ነጭ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይሄን ያልፈዋል። በብረት ወይም በቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ምላስ ይለሰልሳል።

የሥነ ምግብ አማካሪ፦ ታዲያ ዶክተር፣ ምላስ ይናገራል እያሉ እኮ ነው!

ነርስ፦ ይናገራል እንጂ! በ1981 ኤድስ መጀመሪያ በጽሑፍ ሲዘገብ፣ ከሎስ አንጀለስ የተገለጹት 5 ወንዶች ሁሉም ከሳንባ ምች ጋር ካንዲዳ ነበረባቸው። ጨቅላ ሕፃን ያልሆነ፣ አንቲባዮቲክ ያልወሰደ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሌለው ሰው አፉ በካንዲዳ ከተሞላ የደም ስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ይገባዋል። ስትውጡ ካመማችሁ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ሊሆን ይችላልና አትቆዩ። ይሄን "ዲቶክስ" (ሰውነትን ማጽዳት) ያስፈልገዋል ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ አብረን ነን። የማልስማማው ድካምንም፣ ራስ ምታትንም፣ የሆድ መነፋትንም ሁሉ ለካንዲዳ መስጠት ላይ ነው። ይሄ በ1990 ተፈትኗል። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በሚባለው የሕክምና መጽሔት በወጣው ጥናት፣ ሕመማቸው ከካንዲዳ ነው ለተባሉ 42 ሴቶች ኒስታቲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒትና ማስመሰያ መድኃኒት በየተራ ተሰጣቸው። የብልት ምልክታቸው በኒስታቲን ቀለለ። ድካሙና ሌላው ሕመም ግን ከማስመሰያው የተለየ ለውጥ አላሳየም።

የሥነ ምግብ አማካሪ፦ 42 ሰው ለኔ ትንሽ ነው። ስኳር መቀነስ ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

ፋርማሲስት፦ ስኳሩን ቀንሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። እኔን የሚያስፈራኝ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት በራሱ ሐሳብ ለወራት የሚውጠው ነው። ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሲውጠው ደሙን ከመጠን በላይ ያቀጥነዋል። አፍ ውስጥ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄል እንኳ እንዲሁ ያደርጋል።

የጥርስ ሐኪም፦ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አስም አለብሽ? የሚሳብ መድኃኒት ትጠቀሚያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦ አዎ፣ ጧትና ማታ፣ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማንም ስለ አፍ የነገረኝ የለም፤ ከሳብኩ በኋላ ተጉመጥምጬ አላውቅም። አሁን ጎዝ ይዤ በስልክ መብራት አየሁት። የምላሴ ነጭ ሲፋቅ ሥሩ ሮዝ ነው። ላንቃዬ ላይ ግን ሦስት ነጭ ጠብታዎች ነበሩ። አንዱን ስጠርገው ተነሳ፣ ሥሩ ቀይ ነው፣ ትንሽም ደማ።

የጥርስ ሐኪም፦ ሌሎቹን ተያቸው፣ ሐኪም ይያቸው። የምትስቢው ስቴሮይድ አፍ ውስጥ ሲቀር ካንዲዳ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ፣ ለሳንባሽ ያስፈልጋል። ከሳብሽ በኋላ ሁልጊዜ በውሃ ተጉመጥመጪና ትፊ። ስፔሰር (መሳቢያው ላይ የሚገጠም ቱቦ) ካለሽም ተጠቀሚ፣ አፍሽ ውስጥ የሚቀረውን ይቀንሳል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ድካሙስ?

ነርስ፦ እሱን ላንቃሽ አይነግረንም። የደም ማነስ፣ የደም ስኳርና የታይሮይድ ምርመራ አብረሽ ጠይቂ። ውጤቱን ስታገኚ እዚሁ ጻፊልን፣ እንጠብቅሻለን።