«ጢስ ዓባይ እያለልን»

ደንገል፦ ትናንት ከሌላ ውሃ መጥቶ ጣና ሊገባ ስለሚችል መጤ አሳ ስናወራ አንዱ «ጢስ ዓባይ እያለልን ጣናን ማን ይደፍረዋል?» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። ግብርናው፣ አካባቢ ጥበቃው፣ የአሳ ምርምሩና ኬላ ላይ የቆመው ሰው ካልተባበሩ ፏፏቴው ብቻውን ምን ያደርጋል?

የጢስ ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። 40 ሜትር ገደማ ገደል ወጥቶ የሚመጣ አሳ የለም። 15 ያህሉ የነጭ አሳ ዘሮቻችን፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሌሉት፣ ከታችኛው ዓባይ ተለይተው የቆዩት በእሱ ነው።

ደንገል፦ አሳው ገደል ለምን ይወጣል? በርሜል ውስጥ ሆኖ በመኪና ይመጣል እንጂ! ናይል ፐርች የሚባለው ሌላ አሳ የሚበላ ትልቅ አሳ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ ነው፤ ስንት መቶ ዓይነት አሳ ጨረሰ። ነገ አንዱ ጣና ዳር ፎገራ ላይ ዝዋዮች ዱባ የሚሉትን ካርፕ በኩሬ ቢያረባ፣ ክረምት ጎርፉ ሲያጥለቀልቀው አሳው ጣና ነው የሚያድረው።

ቀዛፊ፦ ኒያጋራም ፏፏቴ ነበር። በጎኑ የመርከብ ቦይ ሲቆፍሩ ላምፕሬይ የሚባለው ደም መጣጭ አሳ ሾልኮ ኤሪ ሐይቅ ላይ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ተገኘ። አሜሪካና ካናዳ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ተፈራርመው የጋራ ኮሚሽን እስኪያቋቁሙ ድረስ ትራውት የሚባለው የሐይቆቹ አሳ ተመናምኖ ነበር።

የጢስ ልጅ፦ እኛ ጋ የመርከብ ቦይ የት አለና? ደግሞ ጥበቃ አያስፈልግም አላልኩም።

ደንገል፦ «ማን ይደፍረዋል» ብለሃል፣ ወንድሜ። ምን ማለት ነው ታዲያ?

ጉማራ፦ እናንተ ገና ስላልመጣው ትጨቃጨቃላችሁ። ነጭ አሳን የፈጀነው እኛው ነን። ክረምት ላይ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዘረጋለን። መጀመሪያ እሱን አስቁሙ።

አርባ ምንጭ፦ ይቅርታ፣ ነጭ አሳ ስትሉ ግራ ገባኝ። ጫሞ ላይ ነጭ አሳ የምንለው ራሱን ናይል ፐርቹን ነው።

ደንገል፦ ሰማችሁ? ኬላ ላይ ያለው ልጅ «ነጭ አሳ ነው የጫንኩት» ቢሉት ምን ብሎ ያግዳል? የአሳ ምርምሩ ስዕሉን ካልሰጠው በምን ይለየዋል?

የጢስ ልጅ፦ ስሙን አስተካክሉ በል እንጂ ፏፏቴውን ለምን ታናንቃለህ!

ደንገል፦ ፏፏቴውን ማን ነካው? እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ሲታይ ጢስ ዓባይ እዚያው ነበር። አንዱ የግብርና ነው፣ ሌላው የአካባቢ ነው እየተባለ አረሙ ዳርቻውን ያዘ። አሳ ሲሆን ደግሞ ነቅለህ አታወጣውም።

ቀዛፊ፦ እሺ፣ ሁሉም ይተባበሩ ካልን መሪው ማን ይሁን?

ደንገል፦ የአሳ ምርምሩ።

ጉማራ፦ ተመራማሪ በርሜል አስወርዶ ይፈትሻል? ፖሊስ ይግባበት።

የጢስ ልጅ፦ ፖሊስ ከገባ መጀመሪያ የሚፈተሸው የአሳ አጥማጁ ታንኳ ነው። እሱን አልቀበልም።