ስካይሪምን አሁን መጀመር ያዋጣል ወይ?

መንገደኛው (ጠያቂ)

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስካይሪም የተባለ የቪዲዮ ጌም እስካሁን አልተጫወትኩትም። ወዳጆቹ ስፋቱንና ነጻነቱን ሲያወድሱ፣ ነቃፊዎቹ ደግሞ ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም ይላሉ። እኔ ከእንዲህ ዓይነት ጌም የምፈልገው ያደረግሁት ነገር በዓለሙ ላይ ለውጥ ሲያመጣ ማየት ነው፤ በተለይም አስማተኛ ሆኜ መጫወት እወዳለሁ። እስከ መጨረሻው የዘለቃችሁ ጠንካራና ደካማ ጎኑን በምሳሌ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቀስተኛው

ጥንካሬውን ለማሳየት አንድ ቦታ ልጥቀስ። በሰሜኑ ዳርቻ ፍሮስትፍሎው የሚባል የመብራት ማማ አለ፤ ወደዚያ ሂድ ብሎ የሚልክዎት ሰው ግን የለም። በሩን ከፍተው ሲገቡ አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ሞታ ያገኛሉ። በቤተሰቡ ላይ የደረሰውን የሚረዱት፣ እዚህም እዚያም የወደቁ ማስታወሻዎቻቸውን እያነበቡ ከምድር ቤቱ ሥር ወዳለው ዋሻ ሲወርዱ ነው። አባትየው ሲሞት አስከሬኑ በማማው እሳት እንዲቃጠል ይመኝ እንደነበር ያስተዋለ ተጫዋች፣ ቅሪቱን ከዋሻው አውጥቶ እሳቱ ውስጥ ቢያኖረው የፈውስ አስማቱን የሚያጠነክር በረከት ያገኛል። ይህን አድርግ የሚል የተልዕኮ ምልክት ግን የትም አይታይም። ጌሙን ደጋግሜ እንድከፍተው የሚያደርገኝ ዋናው የዘንዶዎቹ ታሪክ ሳይሆን እንዲህ ያለው ነገር ነው።

የክህሎት አሠራሩም የሚመሰገን ነው። ገና ሲጀምሩ ወታደር ወይም አስማተኛ ነኝ ብለው አይመዘገቡም፤ ካሉት 18 ክህሎቶች የተጠቀሙበት እየጎለበተ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው በምንም ይጀምር በምን መጨረሻው ተደብቆ ቀስት መወርወር ይሆናል፤ ስሜም ይመሰክርብኛል።

ነቃፊው

ቀስተኛው ያሉትን እቀበላለሁ፤ የጠያቂው ፍላጎት ግን ሌላ ስለሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። ያደረጉት ነገር ለውጥ እንዲያመጣ ከፈለጉ ስካይሪም ያሳዝንዎታል። በዊንተርሆልድ የአስማት ኮሌጅ ከጥቂት ቀላል አስማቶች በቀር ምንም የማያውቅ መጥረቢያ ተሸካሚ፣ አንድ አጭር የታሪክ ሰንሰለት በመጨረሱ ብቻ የኮሌጁ የበላይ ይሆናል። ከሹመቱ በኋላ ካባውንና ክፍሉን ይረከባል እንጂ በተቋሙ ላይ የሚወስነው አንዳች ነገር የለም። በጌሙ ውስጥ ያለው የእርስ በርስ ጦርነትም እንዲሁ ነው፤ ወገን መርጠው ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ ገዥዎችና ዘበኞች ይቀየራሉ፣ የሕዝቡ ኑሮ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

አስማቱን በሚመለከት፣ ሰይፍና ቀስት በአንጥረኝነትና በአስማታዊ ማጠናከሪያ ጉዳታቸው እየጨመረ ሲሄድ፣ የማጥቂያ አስማት ግን ክህሎቱ ሲያድግ የሚቀንሰው የሚበላው የአስማት ኃይል ነው፤ ጉዳቱ የሚጨምረው በነጥብ በሚገዙ ጥቂት ማሻሻያዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ጠላቶች ሲጠነክሩ አስማተኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ለእርስዎ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል።

መንገደኛው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠላቶቹ ከእኔ ጋር አብረው ያድጋሉ ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ መጠንከሬ ምን ይጠቅመኛል?

አንጥረኛው

በከፊል ብቻ ነው። አብዛኛው ዋሻ ዝቅተኛና ከፍተኛ የጥንካሬ ወሰን አለው፤ የጠላቶቹ ደረጃም መጀመሪያ በገቡበት ጊዜ ባለዎት ሌቭል (አጠቃላይ የዕድገት ደረጃ) ይወሰናል። ችግሩ የሚመጣው የትኛውም ክህሎት ሲያድግ አጠቃላይ ሌቭልዎ አብሮ ስለሚያድግ ነው። አንጥረኝነትና ንግግር ላይ ብቻ ተጠምዶ የቆየ ተጫዋች ሌቭሉ ከፍ ይልና፣ ውጊያ የማይችል ባለሙያ ሆኖ ከጠንካራ ሽፍቶች ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የማጥቂያና የመከላከያ አስማትዎን ያሳድጉ፤ እደ ጥበቡ ይደርሳል።

ነቃፊው የማጥቂያ አስማት ደካማ ነው ማለታቸው ልክ ቢሆንም አስማት ማለት እሳት መወርወር ብቻ አይደለም። የሚጠሩ ፍጡራንን፣ ጠላትን እርስ በርስ የሚያፋጅ የማሳሳቻ አስማትንና ፈውስን ያጣመረ ሰው እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን ልዩ እትም በኮምፒውተር ከተጫወቱት ደግሞ ለአስማት ተብለው የተሠሩ ብዙ ሞዶች (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በጌሙ ላይ የሚጨምሯቸው ማሻሻያዎች) አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ስህተት ከሚያርመው የተጫዋቾች ማስተካከያ ሌላ ምንም አይጫኑ፤ የሚያስከፋዎትን ሳያውቁ የሚጭኑት ሞድ ጌሙን ከማሻሻል ይልቅ ያደፈርሰዋል።